ግዮን፤ ቅዱስ ስም ርስት ነውን ወይስ አደራ?

ስም በአንድ ነገር ላይ የሚለጠፍ ምልክት ብቻ እንዳይደለ ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተምሩናል። ሕዝባችንም «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው በስም ውስጥ ከሰው ፈቃድ በላይ የሆነ ምሥጢር እንዳለ ስለሚያምን ነው። አዳም በገነት ሳለ ከሠራቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ለፍጥረታት ስም ማውጣት ነበር። አብራም አብርሃም፣ ያዕቆብ እስራኤል፣ ስምዖን ጴጥሮስ የተባሉት አዲስ አገልግሎት በታዘዙበት ጊዜ ነው። እኛም በጥምቀት ቀን የክርስትና ስም የምንቀበለው አዲስ ሕይወት እንድንኖርበት ነው።

የሰው ስም እንዲህ ከሆነ የቦታ ስምስ እንደምን ነው? በጎጃም ደጋ ብዙ ደብርና ብዙ ጠበል ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቅዱሳን የተወሰደ ስም አለው። ደብረ ኤልያስን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ዲማ ጊዮርጊስን ለምሳሌ ያህል መጥራት ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ከተማ ራሷ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ግን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት የዛሬውን ስሟን አገኘች። ከእነዚህ ሁሉ ስሞች በጥንትነቱ የሚበልጠው ደግሞ ከዕብራውያን መጻሕፍት መጥቶ በሰከላ ምድር በዐባይ ምንጭ ላይ ያረፈው «ግዮን» የሚለው ስም ነው።

እንግዲህ በዚህ ስም ምክንያት አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ቅዱስ ስም የተሰጠው ቦታ፣ በዚያም ቦታ የሚኖረው ሕዝብ፣ ስለ ስሙ ብቻ ቅዱስ ይባላልን? ስሙስ እንደ ርስት የሚያዝ ነው ወይስ እንደ አደራ የሚጠበቅ? የጎጃም ሰው በርስትና በአደራ መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ርስት ሰው በአባቱ አጥንት ቈጥሮ «የእኔ ነው» የሚለው፣ ስለ እርሱም የሚሟገትበት ነው። አደራ ግን ባለቤቱ ሌላ የሆነ፣ በተጠየቀም ጊዜ ሳይጎድል የሚመለስ ገንዘብ ነው። ሰው ርስቱን እንደ ወደደ ቢያደርገው የሚከሰው የለም፤ አደራን የበላ ግን በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ ይፈረድበታል።

የስሙ ዘርና ትርጓሜ

ግዮን በዕብራይስጥ «ጊሖን» ይባላል። የዘሩ ፊደላት በመዝሙረ ዳዊት 118 ክፍሎች ራስጌ ላይ ከምናነባቸው ውስጥ ጋሜል፣ ዮድና ሔት ናቸው። የግሡም ትርጓሜ ፈነዳ፣ ፈለቀ፣ በኃይል ብቅ አለ ማለት ነው። ይኸው ግሥ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ባሕር ከማኅፀን እንደሚወለድ ሆኖ ሲወጣ ተነግሮበታል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 የተደበቀ ጦር ከተሸሸገበት ድንገት ሲወጣ ተነግሮበታል፤ በነቢዩ ሚክያስ ምዕራፍ 4 ደግሞ የጽዮን ልጅ እንደ ወላጅ ሴት አምጣ እንድትወልድ ስትታዘዝ ተነግሮበታል። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ሁለት አሳብ አለ፤ አንደኛው ከተሰወረ ቦታ መውጣት ነው፣ ሁለተኛው በምጥ ሕይወትን መስጠት ነው።

ይህ ዘር ከእኛ ልሳን የራቀ አይደለም። በግዕዝ «ጎሐ» ማለት ነጋ፣ የንጋት ብርሃን ብቅ አለ ማለት ነው፤ በአማርኛም ንጋትን «ጎሕ ሲቀድ» እንላለን። የሴም ቋንቋዎችን የሚያነጻጽሩ ሊቃውንት ይህን «ጎሐ» ከዕብራይስጡ ግሥ ጋር ያዛምዱታል። በአንዱ ቋንቋ ውኃ ከምድር ሆድ መፍለቁ፣ በሌላው ቋንቋ ብርሃን ከሌሊት ሆድ መውጣቱ በአንድ ዘር ተነገረ ማለት ነው። ካህናት ሌሊቱን በማሕሌት ቆመው ጎሕ ሲቀድ በሚያዩበት ሰዓት፣ ሳያስቡት ለግዮን ስም ዘመድ የሆነውን ቃል ይጠራሉ።

ነገር ግን በዕብራይስጡ ያለው «ሐ» በግዕዙ «ግዮን» ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ የሚያስደስት ነው። የጽርእ ፊደል ለሔት ድምፅ ምልክት ስለሌለው ሰብዓ ሊቃናት ስሙን ወደ ጽርእ ሲመልሱት ሐው ወደቀ። የእኛም አባቶች ብሉይ ኪዳንን ከጽርእ ወደ ግዕዝ ስለ ተረጐሙ ስሙን ሐው እንደ ወደቀ ተቀበሉት። ስለዚህ የጎደለችው አንዲት ፊደል ስሙ የመጣበትን ጎዳና ትመሰክራለች፤ ከኢየሩሳሌም ወደ እስክንድርያ፣ ከእስክንድርያም ወደ አክሱም። ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንደ መጣ ከዚህ እንረዳለን። በእጃችን ያለው ሌሎች ጠብቀው ያቆዩልን ነውና።

የገነት ወንዝ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከዔደን ወጥቶ ገነትን የሚያጠጣ ወንዝ በአራት እንደሚከፈል ተጽፏል። ግዮን ከአራቱ ሁለተኛው ነው፤ ስለ እርሱም የሚከበውን አገር ሲናገር ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል፣ ሰብዓ ሊቃናት ግን «ኢትዮጵያ» ብለው ተርጕመውታል። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ ግዮን ጽርኣውያን ኒል የሚሉት ወንዝ እንደ ሆነ ጽፏል። ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬምም በዘፍጥረት ትርጓሜው እንዲሁ አስተምሯል። ወንዞቹ በየቦታው ተራርቀው መገኘታቸውን ሲያስረዳም፣ ከገነት ከፍታ ወርደው ከባሕር በታች በምድር ውስጥ ካለፉ በኋላ ምድር እያንዳንዳቸውን በየስፍራው እንደምትተፋቸው ይናገራል።

የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስም እ.ኤ.አ. በ394 ገደማ ለኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ ለዮሐንስ በላከው መልእክት የግዮንን ውኃ በሥጋ ዓይኑ እንዳየ መስክሯል። ይህን የተናገረው ገነትን ምሳሌ ብቻ አድርገው ከምድር ላይ የሚያጠፏትን ሰዎች ሲቃወም ነው። አሳቡን ማስተዋል ይገባል። ሃይማኖታችን በአየር ላይ የተንጠለጠለ አሳብ ሳይሆን በምድር ላይ የተደረገ ነገር ነው፤ አምላክ ሥጋ የለበሰው በስም በሚጠራ ከተማ ነው፣ የተጠመቀው በስም በሚጠራ ወንዝ ነው፣ የተሰቀለውም በስም በሚጠራ ኮረብታ ላይ ነው። ቦታና ስም ከንቱ ቢሆኑ ኖሮ ወንጌላውያን ቤተ ልሔምን፣ ዮርዳኖስንና ጎልጎታን ባልጻፉልን ነበር።

ዛሬ ግን ምድርን የሚለኩ ጠበብት ጤግሮስና ኤፍራጥስ ከአርመንያ ተራሮች፣ ዐባይ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚነሡ ያሳያሉ። ከተመራማሪዎችም በዘፍጥረት የተጻፈውን ኩሽ በመስጴጦምያ አጠገብ የሚፈልጉ አሉ። ስለዚህ ክርክር ምእመናን ሊደነግጡ አይገባም። ገነት ለሰው ልጅ የተዘጋችው በኪሩቤል ሰይፍ ስለሆነ መንገዷን በገመድ መለካት ለማንም አልተሰጠም። ይልቅስ ቅዱስ መጽሐፍ የወንዞቹን ስም ከጠራ በኋላ ወዲያው ምን እንዳለ እንመልከት፤ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ይነግረናል። የግዮን ስም በተጠራበት ገጽ ላይ የመጠበቅ ትእዛዝ አብሮ ተጽፏል። አዳም ቦታውን ያጣው ይህን ትእዛዝ ስላፈረሰ ነው፤ የአራቱ ወንዞች ምንጭ በአጠገቡ መኖሩ ከመባረር አላዳነውም።

የኢየሩሳሌም ምንጭ

በቅዱስ መጽሐፍ ሌላ ግዮን አለ። እርሱም በኢየሩሳሌም ከዳዊት ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከቄድሮን ሸለቆ ዳር የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ውኃው በዝግታ ብቻ የሚፈስ ሳይሆን በየጊዜው እየጋለ የሚወጣ ስለ ነበረ «የሚፈነዳ» የሚለው ስም እጅግ ተስማሚው ነው። ክርስቲያኖች እመቤታችንን በማሰብ የድንግል ማርያም ምንጭ ይሉታል።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 እንደምናነበው ሰሎሞን የተቀባው በዚህ ምንጭ አጠገብ ነው። በዚያው ቀን ግን በሌላ ምንጭ አጠገብ ሌላ ግብዣ ነበር። አዶንያስ በዓይን ሮጌል ዘንድ በሬና በግ አርዶ፣ ሠረገላና ፈረሰኛ አዘጋጅቶ፣ ራሱን በራሱ ሊያነግሥ ተቀምጦ ነበር። ሰሎሞን ግን ራሱን ከፍ አላደረገም፤ በአባቱ በቅሎ ተቀምጦ ወረደ፣ ካህኑ ሳዶቅም ከድንኳኑ በወሰደው ዘይት ቀባው። አዶንያስ መንግሥትን እንደ ርስት ሊይዛት ፈለገ፤ ሰሎሞን እንደ አደራ ተቀበላት። ከሁለቱ ምንጮች የግዮን ስም የተያያዘው ከተሰጠው መንግሥት ጋር ነው። በኋላም ሰሎሞን ራሱ በእርጅናው አደራውን በዘነጋ ጊዜ መንግሥቱ በልጁ ዘመን ተከፈለች፤ በግዮን መቀባቱ ይህን አልከለከለለትም።

ንጉሥ ሕዝቅያስም አሦራውያን በመጡ ጊዜ የላይኛውን የግዮን ውኃ ደፍኖ ወደ ከተማው ምዕራብ እንዳወረደው በ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 32 ተጽፏል። በዐለት ውስጥ የተቈፈረው ቦይ 533 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እ.ኤ.አ. በ1880 በቦዩ ግድግዳ ላይ የተገኘው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ቈፋሪዎቹ ከሁለት ወገን ተነሥተው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በዐለቱ ውስጥ እየሰማ፣ በመካከል እንደ ተገናኙ ይናገራል። ውኃው የሚደርሰው ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ነው። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሄዶ እንዲታጠብ ያዘዘው በዚህ በሰሊሆም ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም የስሙ ትርጓሜ «የተላከ» ማለት መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ የዕውሩን ዓይን ያጠበው ከግዮን የመጣ ውኃ ነበር። ሆኖም ዓይኑን ያበራለት የላከው ጌታ ነው፤ ውኃው የታዘዘ አገልጋይ ነበር።

ግዮን በጎጃም

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዐባይ ምንጭ በጎጃም በሰከላ ወረዳ ግሽ ዐባይ በሚባለው ቦታ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይገኛል። ከዚያ የሚወርደው ውኃ ግልገል ዐባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ዐባይም ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ወደ ምዕራብም ተመልሶ የጎጃምን ምድር ይከባል። ካርታ ያላዩ አባቶች ወንዙን በእግራቸው ተሻግረው ስለሚያውቁት፣ ምድርን ስለሚከበው ስለ ግዮን የተጻፈውን ሲያነቡ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አልተቸገሩም።

ከውጭ አገር ሰዎች የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1610 ዓ.ም. ምንጩን አይቶ፣ የጥንት ነገሥታት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ እንደ ተደሰተ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. እዚያ ደርሷል። በሌላ አገር መጻሕፍት እነዚህ ሰዎች የዐባይን ምንጭ «አገኙ» ይባላል። ለሰከላ ሰው ግን ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ልጆቹን ያጠመቀበት፣ በሽተኞቹን ያጠበበት ውኃ ነው።

በቦታው የሚከበሩት ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው፤ በየዓመቱ በጥር 13 ቀን በዓላቸው ሲከበር ብዙ ምእመናን ወደ ጠበሉ ይሄዳሉ። በአባቶች ትውፊት እንደሚነገረው ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለሰው ሳይሆን ለውኃው አደራ ሰጡ። ከእስራት ተፈትተው በተመለሱ ጊዜም ውኃውን «ግሺ» አሉት፤ ውኃውም መጻሕፍቱን ሳያርስና ሳያበላሽ አወጣላቸው። «ግሽ» የሚለው የቦታው ስም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። ይህ ቃል «ጐሥዐ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር የሚሄድ ሲሆን ትርጓሜውም አገሣ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አወጣ ማለት ነው። የዕብራይስጡ «ጊሖን» እና የትውፊቱ «ግሽ» በዘር አንድ አይደሉም፤ ፊደላቸው ይለያያልና በድምፅ መቀራረብ ብቻ አንድ ነው ማለት አይገባም። በምሥጢር ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በውስጥ የተሰወረውን ወደ ብርሃን ማውጣትን ይናገራሉ።

በዚህ ትውፊት ውስጥ ለጥያቄአችን መልስ ተሰውሯል። ውኃው መጻሕፍቱን ተቀብሎ ጠበቀ፣ በተጠየቀም ጊዜ ሳይጎድል መለሰ። በጠባዩ ወረቀትን የሚያበሰብስ፣ ብራናን የሚያሟሟ ፍጥረት ከጠባዩ በላይ ታማኝ ሆነ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 24 የሕጉ መጽሐፍ ጥበብን እንደ ገነት ወንዞች እንደሚያመላና እንደሚያፈስ ተነግሯል፤ ከተጠሩትም ወንዞች አንዱ ግዮን ነው። ሲራክ መጽሐፍን በወንዝ መሰለው፤ በሰከላ ደግሞ ወንዝ የመጽሐፍ ጠባቂ ሆነ። ነፍስ የሌለው ውኃ አደራውን እንዲህ ከጠበቀ፣ ነፍስና አእምሮ ያለን እኛ በውኃው ስም እየተጠራን አደራ ብንበላ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ስምና ግብር

በስሙ ብቻ የሚመካ ሰው ነቢዩ ኤርምያስን ይስማ። በምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ሕዝቡን የሚወቅሰው የሕይወት ውኃ ምንጭ የሆነውን እርሱን ትተው ውኃ የማይይዝ የተቀደደ ጕድጓድ ስለ ማሱ ነው። ቀጥሎም በግብፅ መንገድ ሄደው ውኃ ሊጠጡ ለምን እንደሚሹ ይጠይቃቸዋል፤ የዚያ ውኃ ስም በዕብራይስጥ «ሺሖር» ሲሆን በሰብዓ ሊቃናት ትርጕም «ግዮን» ተብሏል። የገነት ወንዝ እንኳ ሰው እግዚአብሔርን ትቶ የሄደበት እንደ ሆነ ተግሣጽ ይሆንበታል።

የቦታ ስም ሊወድቅ እንደሚችልም ነቢዩ ሆሴዕ ያሳየናል። ያዕቆብ መሰላሉን ባየበት ቦታ ሎዛ የነበረውን ስም ለውጦ ቤቴል፣ ይኸውም የእግዚአብሔር ቤት አለው። ትውልድ ካለፈ በኋላ በዚያው ቦታ የጥጃ ምስል ተሠርቶ ተሰገደለት። ነቢዩም ቦታውን በአባቶች ስም መጥራት ተወና ቤትአዌን፣ ይኸውም የክፋት ቤት ብሎ ጠራው። ያዕቆብ ያከበረውን ስም ልጆቹ አዋረዱት። ሎዛን ቤቴል ያደረጋት የያዕቆብ ጸሎት እንደ ነበረ ሁሉ መንቆረርንም ደብረ ማርቆስ ያሰኛት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙ እንዳይወድቅ የሚጠብቀውም በውስጧ የሚኖረው ሕዝብ ሃይማኖትና ምግባር ነው።

የጎጃም የቅኔ ተማሪ በዐባይ ስም ላይ ሰምና ወርቅ ለማግኘት አይቸገርም። «ዐባይ» በግዕዝ ታላቂቱ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «አባይ» የሚባለው ዋሾ፣ ሐሰተኛ ሰው ነው። ከአፍ ሲወጣ ድምፁ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ነገሩን የሚያይ ብቻ ነው። ታላቅ ስም የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። ግብሩ ከስሙ ጋር ከተስማማ ታላቅ ይባላል፤ ግብሩ ከስሙ ከተለየ በዚያው ስም ሐሰተኛ ይባላል። ካህን ተብሎ የማይባርክ፣ ክርስቲያን ተብሎ የማይምር፣ የግዮን ልጅ ተብሎ የጠማውን የሚመልስ ሰው ከየትኛው ወገን ይቈጠራል?

ምናልባት ሌላው ተነሥቶ «እንግዲያስ ስም ከንቱ ነው፣ ውኃም ሁሉ አንድ ነው» ይል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። ሶርያዊው ንዕማን በደማስቆ ያሉት ወንዞች ከእስራኤል ውኆች እንደሚሻሉ ተናግሮ ተቆጥቶ ነበር፤ በባሮቹ ምክር ራሱን አዋርዶ ወደ ዮርዳኖስ በወረደ ጊዜ ግን ሥጋው እንደ ሕፃን ሥጋ ሆነ። በውኃነት ዮርዳኖስ ከደማስቆ ወንዞች ባይበልጥም እግዚአብሔር በስም ጠርቶ ያዘዘው ዮርዳኖስን ነበር። ስለዚህ በአንድ በኩል ስሙን የሚያመልክ፣ በሌላ በኩል ስሙን የሚንቅ ሁለቱም ይስታሉ። ቀጥተኛው መንገድ ስሙን ተቀብሎ በስሙ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ መፈጸም ነው።

አደራው ምንድር ነው?

ግዮን የሚለው ስም አደራ ከሆነ፣ አደራው በምን በምን እንደሚጠበቅ ጥቂት እንናገር።

አንደኛ፤ ምድርንና ውኃን መጠበቅ ነው። ለአዳም የተሰጠው ትእዛዝ ይህ ነበርና። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ ዐባይ ይገባሉ። ተዳፋቱ ሳይከተር ሲታረስ፣ ዛፉም ሳይተካ ሲቈረጥ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። በየደብሩ ቅጽር ዙሪያ አባቶች ያቆዩልን ደን ምድሪቱ ቀድሞ ምን ትመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ምስክር ነው። ጠበሉን ስሞ፣ የጠበሉን ተራራ የሚያራቁት ሰው ምንጩን አክብሯል ሊባል አይችልም። ካህናትም ይህን ነገር የግብርና ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አድርገው ሳይተዉት በዐውደ ምሕረት ሊያስተምሩት ይገባል።

ሁለተኛ፤ በወንድማማቾች መካከል ሰላምን መጠበቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወዲህ በአማራ ምድር የተነሣው ጦርነት በጎጃም ደጋም ብዙ እናቶችን አስለቅሷል። ከገነት ከተባረሩ በኋላ የአዳም ልጆች የመጀመሪያ ታላቅ ኃጢአት የወንድም ደም ማፍሰስ ነበር፤ የአቤልም ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። በግዮን ስም የምትጠራ ምድር የአቤልን ጩኸት ስታሰማ ከመቀመጥ የከፋ የስም ውድቀት ምን አለ? ስለዚህ አስታራቂ ሽማግሌ፣ የንስሓ አባትና ጧሪ የሌላትን መበለት የሚጎበኝ ምእመን ሁሉ ከምንም በላይ የስሙ ጠባቂዎች ናቸው። ቂም ይዞ ወደ ጠበል የሚወርድ ሰው ገላውን ብቻ አርሶ ይመለሳል።

ሦስተኛ፤ በታች ካሉት ሕዝቦች ጋር በእውነትና በፍቅር መኖር ነው። ቅዱስ ማርቆስ የሰበከው በእስክንድርያ፣ ዐባይ ወደ ባሕር በሚገባበት ምድር ነው። ከቅዱስ ፍሬምናጦስ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያ ጳጳሳትን የተቀበለችው ከዚያ መንበር ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከሆኑ ድረስ ይህ ሥርዓት በልዩ ልዩ መልክ ቆይቷል። ውኃው ከእኛ ወደ እነርሱ ሲወርድ ክህነቱ ከእነርሱ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። የወንዙን አፍ ያስተማረው ሐዋርያ ስም በወንዙ ራስ አጠገብ ለምትገኝ ከተማ መሰጠቱን ስናስብ የእግዚአብሔርን ጥበብ እናደንቃለን። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጨለማ ለሚኖረው ድኻ ብርሃን እንዲሰጥ መሠራቱ ለሰው ከተሰጠው የማበጀት ሥራ የሚቈጠር ነው። ውኃውን ለሥራ ማዋል መብታችን መሆኑን ስንናገርም የጎረቤትን ጥማት ማሰብ ክርስቲያናዊ ግዴታችን መሆኑን አንረሳም። የታች አገር ሰዎችም በበኩላቸው ስለ ውኃው ሲናገሩ የምንጩን ባለቤት ጥማት ሊያስቡ ይገባል፤ አደራ የሚጠበቀው በሁለቱም ወገን ነውና።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ቅዱስ ስም አደራ ነው። ርስት ነው ብለን ከያዝነው እንደ አዶንያስ በራሳችን ምንጭ አጠገብ የራሳችንን ግብዣ እናደርጋለን፤ ግብዣውም በአንድ የመለከት ድምፅ ይበተናል። አደራ ነው ብለን ከያዝነው ግን እንደ ሰከላው ውኃ የተሰጠንን በሆዳችን ሰውረን እንጠብቃለን፣ ሰጪውም በሚጠይቀን ቀን ሳይጎድልና ሳይበላሽ እንመልሳለን።

የግዮን ትርጓሜ ከተሰወረ ቦታ ወጥቶ ሕይወትን መስጠት ነው ብለናል። የክርስቲያንም ሕይወት ሌላ ትርጓሜ የለውም። ጸሎቱና ጾሙ በስውር ይደረጋሉ፤ ፍሬው ግን ወጥቶ ባልንጀራን ያጠጣል። ሰው በስውር ያከማቸው ቂምና ስስት ከሆነ ያው ይወጣል፤ ፍቅርና እውነት ከሆነም ያው ይፈልቃል። ምንጭ የያዘውን ብቻ ነውና የሚሰጠው፣ ከእኛ የሚወጣው ውኃ ለጠማው ሰው የሚጠጣ እንዲሆን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።